ከ«ታዘዝኩ» ወደ «አዛለሁ»፦ የነርስ ፕራክቲሽነር ቦርድ ፈተና ምንድን ነው? እንዴትስ ይጠናል?

ግንቦት ላይ ተመርቃለች። ፎቶ ተነስታለች፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ ኬክ ተቆርሷል። ሐምሌ ገብቶም ግን አዲሱን ሥራ አልጀመረችም። ያንኑ የሌሊት ሺፍቷን እየሠራች ነው። ማኅበር ቀርታለች፣ ሠርግ ቀርታለች። ሲደወልላት «ቦርድ አለብኝ» ትላለች። ቤተሰቡ ግራ ይገባዋል። ተመርቃ የለ እንዴ? ደግሞ የምን ፈተና ነው?

በዋሽንግተንና አካባቢዋ፣ በሚኒሶታ፣ በሲያትል፣ በዳላስና በአትላንታ ባሉ ሐበሾች ቤት ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ከሲኤንኤነት (ከረዳት ነርስነት) ተነስተው አርኤን (ፈቃድ ያለው ሙሉ ነርስ) የሆኑ፣ ከዚያም ልጅ እያሳደጉ ማስተርስ የሠሩ እህቶችና ወንድሞች ብዙ ናቸው። ይህ ጽሑፍ ለእነሱ ነው። አጠገባቸው ሆነው «ምን ላግዝ?» ለሚሉም ነው።

ነርስ ፕራክቲሽነር ነርስ ነው ወይስ ሐኪም?

ሐኪም አይደለም። ግን ብዙ ሰው «ነርስ» ሲባል የሚመጣለት ዓይነት ሥራም አይደለም የሚሠራው። ነርስ ፕራክቲሽነር፣ በአጭሩ ኤንፒ፣ በሽተኛ ይመረምራል፣ የላብራቶሪና የራጅ ምርመራ ያዛል፣ በሽታውን ለይቶ ይሰይማል፣ መድኃኒት ይጽፋል፣ በቀጠሮ ይከታተላል።

ሀገር ቤት ያደገ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ጤና መኮንን እናውቃለንና። ጤና ጣቢያ ሄዶ በጤና መኮንን ያልታከመ ስንቱ ነው? የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ተከፍቶ ጤና መኮንን ማሰልጠን የጀመረው ሐኪም ላልደረሰበት ሕዝብ የሚደርስ ሰው ስለጠፋ ነው። አሜሪካም ከ11 ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ችግር ገጥሟት ተመሳሳይ መልስ ሰጠች። እ.ኤ.አ. በ1965 ሎሬታ ፎርድ የተባሉ ነርስና ሄንሪ ሲልቨር የተባሉ የሕፃናት ሐኪም በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የነርስ ፕራክቲሽነር ሥልጠና ጀመሩ። ሐሳቡ ሐኪም ባነሰበት ቦታ ላሉ ሕፃናት መድረስ ነበር።

ልዩነቱ መንገዱ ላይ ነው። ኤንፒ መጀመሪያ አርኤን መሆን አለበት። ከዚያ ማስተርስ ወይም ዲኤንፒ የሚባለውን የነርሲንግ ዶክትሬት ይማራል። ዲኤንፒ የሠራች ሰው በትምህርት ደረጃዋ ዶክተር ናት። የሕክምና ዶክተር ግን አይደለችም። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚምታታበት እዚህ ላይ ነው።

ተመርቆ ሌላ ፈተና ለምን?

የመንጃ ፈቃድን አስቡት። ማሰልጠኛው መንዳት ያስተምራል እንጂ ፈቃድ አይሰጥም። ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ማሰልጠኛው ውስጥ ያልነበረ ሌላ ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ ማየት አለበት።

እዚህም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ሦስት እጅ መኖሩ ነው። ዩኒቨርሲቲው ያስተምራል። ራሱን የቻለ ሰርተፍኬት ሰጪ ድርጅት ይፈትናል። የስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ደግሞ የፈተናውን ውጤት አይቶ የሥራ ፈቃድ ይሰጣል። ዲግሪ ብቻውን በሽተኛ ፊት አያስቀምጥም። ሰዉ ሁሉንም በአንድ ላይ «ቦርድ» ይለዋል፤ ነገር ግን ፈታኙና ፈቃድ ሰጪው የተለያዩ ናቸው።

«አርኤን ስትሆን ተፈትና የለ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ኤንክሌክስን አልፋለች። ኤንክሌክስ የሚጠይቀው ግን በመሠረቱ «ይህችን በሽተኛ ሳትጎዳ መንከባከብ ትችያለሽ ወይ?» ብሎ ነው። የአሁኑ «ምን እንደያዛት ታውቂያለሽ? ምን ታዢላታለሽ?» ይላል። ሁለቱ ጥያቄዎች ቅርብ ይመስላሉ። ፈተናው የሚያጠምደው በዚህ መቀራረብ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ማን ነው የሚፈትነው?

እንደ ዘርፉ ይለያያል። ኤንፒ ሲኮን «ለማን?» የሚል ጥያቄ አብሮ ይመጣል። ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የሚያየው የቤተሰብ ኤንፒ ወይም ኤፍኤንፒ ይባላል፤ ብዙው የሚመርጠው ይህን ነው። የአዋቂዎችና የአረጋውያን፣ የሕፃናት፣ የጨቅላ ሕፃናት፣ የሴቶች ጤና፣ የአእምሮ ጤናም አለ። በአንዱ የተፈተነ ሰው በሌላው መሥራት አይችልም።

ለቤተሰብ ዘርፍ ሁለት ፈታኞች አሉ። አንዱ የአሜሪካን አካዳሚ ኦፍ ነርስ ፕራክቲሽነርስ ሰርቲፊኬሽን ቦርድ ነው፤ ተፈታኞች በአጭሩ ኤኤኤንፒ ይሉታል። ሌላው የአሜሪካን ነርሰስ ክሬደንሺያሊንግ ሴንተር፣ ማለትም ኤኤንሲሲ ነው። የመጀመሪያውን ያለፈች ከስሟ ኋላ ኤፍኤንፒ-ሲ፣ ሁለተኛውን ያለፈች ኤፍኤንፒ-ቢሲ ትጽፋለች። ስቴቶች ሁለቱንም ይቀበላሉ። አንዱን ማለፍ በቂ ነው።

የቱ ይሻላል? የኤኤኤንፒው ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል በሽተኛ ላይ ያተኩራል። የኤኤንሲሲው ከሕክምናው ጋር የምርምር፣ የሥነ ምግባር፣ የጤና ፖሊሲና የሙያ ኃላፊነት ጥያቄዎችን ይቀላቅላል። የጥያቄው ቅርጽም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ብዙ መልስ የሚመረጥበት፣ ጎትቶ የሚደረደርበት ይገኛል። በሽተኛ ማየት የሚቀናትና ከንድፈ ሐሳብ የምትሸሽ ሰው የመጀመሪያውን ትመርጣለች። «አንደኛው ይቀላል» የሚለውን ወሬ ግን አትመኑ። የሚቀለው ከራሳችሁ ጥንካሬ ጋር የሚገጥመው ነው።

ፈተናው ውስጥ ምን አለ?

የኤኤኤንፒው የቤተሰብ ፈተና 150 ጥያቄ አለው። የተሰጠው ጊዜ 3 ሰዓት ነው። ለአንድ ጥያቄ 72 ሰከንድ ማለት ነው። ከ150ዎቹ 15ቱ አይቆጠሩም። ለወደፊት ፈተና እየተሞከሩ ያሉ ናቸው። የትኞቹ እንደሆኑ ግን ተፈታኙ አያውቅም። ስለዚህ መሐል ላይ ሰምታችሁት የማታውቁት ነገር ብቅ ቢል መደንገጥ አያስፈልግም፤ ምናልባት ከ15ቱ አንዱ ነው። የኤኤንሲሲውም በዚሁ መንገድ የማይቆጠሩ ጥያቄዎች ይቀላቅላል።

ከኤንክሌክስ የሚለይበት ሌላም ነገር አለ። ኤንክሌክስ እንደ መልሳችሁ ጥያቄውን እያከበደና እያቀለለ ይሄዳል፤ አንዳንዱን በ85 ጥያቄ ያሰናብታል። ወደ ኋላ መመለስም የለም። እዚህ ቁጥሩ ቋሚ ነው። ያልተረጋገጠውን ምልክት አድርጎ ማለፍ፣ በመጨረሻ መመለስ ይቻላል። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አያስቀንስም። ስለዚህ ባዶ የሚተው ጥያቄ ሊኖር አይገባም።

ጥያቄዎቹ በአራት ሥራ ዙሪያ ይሽከረከራሉ፦ መረጃ መሰብሰብ፣ በሽታውን መለየት፣ ሕክምናውን ማቀድ፣ ውጤቱን መገምገም። ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ፊተኞቹ ሁለቱ ናቸው። ይህን ብዙዎች ሳያስተውሉት ያልፋሉ። መድኃኒት በመሸምደድ ሦስት ወር ይፈጃሉ፤ ፈተናው ግን ገና «ምን ጠይቀሽ፣ የቱን ዳስሰሽ ነው ያወቅሽው?» እያለ ነው።

500 ማለት ከስንት ስንት ነው?

የኤኤኤንፒው ማለፊያ 500 ነው። መለኪያው ከ200 እስከ 800 ይሄዳል። የኤኤንሲሲው ማለፊያ ከ500 ውስጥ 350 ነው። ብዙዎች ይህን ወደ መቶኛ ይቀይሩና «70 ከመቶ መለስኩ ማለት ነው» ይላሉ። አይደለም።

አንዱ ገበያ ላይ ጤፍ በጣሳ ይሸጣል እንበል። ሌላው ገበያ ላይ በቁና ነው። ሦስት ጣሳ የገዛችውና ሁለት ቁና የገዛችው ማን ብዙ እንደያዘች በቁጥሩ ብቻ አይታወቅም። ሁለቱም ኪሎ ላይ ይወጣሉ። እዚህም ተፈታኞች የሚደርሳቸው የጥያቄ ስብስብ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ትንሽ ከበድ፣ ሌላው ትንሽ ቀለል ይላል። ትክክል የተመለሰው ቁጥር እንዳለ ቢወሰድ ከባዱ የደረሳት ትበደላለች። ስለዚህ ሁሉም ወደ አንድ ሚዛን ይመለሳል። 500 ወይም 350 የሚባለው ያ ሚዛን ነው።

ሌላው ጥሩ ነገር፣ ይህ ውድድር አይደለም። ከሌሎች ጋር አትወዳደሩም። አጠገባችሁ ያለችው ጎበዝ ብትሆን የእናንተ ወንበር አይወሰድም።

የ15 ዓመት ልምድ ያላት ነርስ ለምን ትወድቃለች?

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይሄ ነው፤ ትንሽ እንቆይበት።

ጎበዝ የአልጋ ነርስ የተገራችበት ልማድ አለ። ችግር ታያለች፣ በሽተኛውን ታረጋጋለች፣ ለሐኪሙ ትደውላለች፣ የታዘዘውን ትፈጽማለች። ይህ ልማድ ሕይወት ያተርፋል። ፈተናው ላይ ግን የሚደወልለት ሰው የለም። የሚደወልላት እሷ ናት።

ምሳሌ እንውሰድ። የ58 ዓመት ሰው ነው። የደም ግፊት አለበት። ከሦስት ሳምንት በፊት ሊሲኖፕሪል ጀምሯል። አሁን ደረቅ ሳል አስቸግሮታል፤ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳዋል። ትኩሳት የለም። ሳንባው ንጹሕ ነው። ግፊቱ ተስተካክሏል። ምን ታደርጊያለሽ? የሳል ሽሮፕ መስጠት፣ ራጅ ማዘዝ፣ ወደ ሳንባ ስፔሻሊስት መላክ፣ ወይስ መድኃኒቱን በሎሳርታን መቀየር?

የነርስነት ልማድ «ስፔሻሊስት ይየው» ይላል። ጨዋና ጥንቁቅ መልስ ይመስላል። ፈተናው ግን ሳሉ ከመድኃኒቱ እንደመጣ አውቀሽ እንድትቀይሪ ነው የሚጠብቀው። ሊሲኖፕሪልና ዘመዶቹ ደረቅ ሳል ማምጣታቸው የታወቀ ነው፤ የሎሳርታን ወገን ይህን ችግር እምብዛም አያመጣም። በራስ መወሰን የሚቻለውን ወደ ሌላ መግፋት እዚህ ጥንቃቄ ተብሎ አይቆጠርም።

ተቃራኒውም አለ። የ72 ዓመት ሴት ናቸው። ከዚህ በፊት የማያውቁት ራስ ምታት በአንድ ጎን ጀምሯቸዋል። ፀጉራቸውን ሲያበጥሩ ያማቸዋል። ሲያኝኩ መንጋጋቸው ይዝላል። ትናንት አንድ ዓይናቸው ለጥቂት ጊዜ ጨልሞ ተመልሷል። ከሁሉ አስቀድሞ ምን ይደረጋል? የሚጠረጠረው የጭንቅላት ደም ሥር መቆጣት (ጃይንት ሴል አርቴራይተስ) ነው፤ የሚያረጋግጠው ከጆሮ ግንድ በላይ ካለው የደም ሥር ናሙና መውሰድ ነው። መጽሐፉን የሸመደደች ተፈታኝ ይህን ትመርጣለች። ጥያቄው ግን «ምን ያረጋግጣል?» አላለም። «ምን ይቅደም?» ነው ያለው። መልሱ ስቴሮይድ ወዲያው መጀመር ነው። ናሙናው እስኪወሰድ ዓይናቸው ሊጠፋ ይችላል።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚፈታው አንዲት ቃል ናት። «ኢኒሻል» (የመጀመሪያው)፣ «ኔክስት» (ቀጣዩ)፣ «ቤስት» (ከሁሉ የተሻለው)፣ «ሞስት ላይክሊ» (ይበልጥ ሊሆን የሚችለው) የሚሉትን ቃላት ያላየ ሰው እውቀቱ ቢሞላም ይስታል።

ሦስተኛው ምሳሌ የእኛው ነው። ከኢትዮጵያ ከመጣ ሁለት ዓመት የሆነው ወጣት ለሥራ የቲቢ የቆዳ ምርመራ አደረገ። ያበጠው 11 ሚሊ ሜትር ሆነ። ምንም ስሜት የለውም። ልጅ ሆኖ ቢሲጂ የሚባለውን የቲቢ ክትባት ተከትቧል። ስንቶቻችን ነን «ይሄ የክትባቱ ነው፣ እኛ ሁሌም ፖዘቲቭ ነን» ብለን ያለፍነው? ፈተናው ላይ ይህ ስህተት ነው። ቲቢ ከሚበዛበት ሀገር በመጣ በአምስት ዓመት ውስጥ ያለ ሰው መለኪያው 10 ሚሊ ሜትር ነው። ኤችአይቪ ላለበት ወይም በቅርብ ከቲቢ በሽተኛ ጋር ለኖረ 5 ይበቃል። ምንም ተጋላጭነት ለሌለው 15 ነው። ቢሲጂ መከተብ ይህን አነባበብ አይቀይረውም። የሚለካውም መቅላቱ ሳይሆን እብጠቱ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ፖዘቲቭ ነው። ራጅ ተነስቶ ንቁ ቲቢ አለመኖሩ ይጣራል። ከዚያ የተደበቀውን ስለማከም ይታሰባል። በኑሮ ያወቅነውና ፈተናው የሚፈልገው እንዲህ ሲጋጩ ማሸነፍ ያለበት መመሪያው ነው።

ታዲያ እንዴት ይጠናል?

መጀመሪያ ከመጽሐፍ በፊት የፈታኙን የይዘት ዝርዝር አውርዱ። ሁለቱም ድርጅቶች ድረ ገጻቸው ላይ በነፃ አስቀምጠውታል። የትኛው ዘርፍ ስንት ከመቶ እንደሚይዝ ይናገራል። ይህን ሳያዩ ማጥናት የእንግዳውን ቁጥር ሳያውቁ ሊጥ እንደ ማቡካት ነው።

ቀጥሎ የሙከራ ፈተና። አዎ፣ ገና ሳይጠና። ውጤቱ ዝቅ ይላል፤ ይሁን። ዓላማው ልብ፣ ሳንባ፣ ሆርሞን፣ ቆዳ፣ ሕፃናት፣ እርግዝና፣ አእምሮ ከሚሉት የትኛው እንደሚያዘነብል ማየት ነው። ሰው በተፈጥሮው የሚያውቀውን መድገም ይወዳል። አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) የሠራች ነርስ ስለ ልብ ስታነብ ትደሰታለች። ነጥብ የምታጣው ግን የሕፃናት እድገትና ክትባት ላይ ነው።

ብዙ ሰው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይመድባል። በሳምንት ሦስት የ12 ሰዓት ሺፍት ለሚሠራ ይህ ምክንያታዊ ነው። ግን ሺፍት ባለበት ቀን አራት ሰዓት አጠናለሁ ማለት ራስን ማታለል ነው። በእነዚያ ቀኖች 20 ጥያቄ ሠርቶ መተኛት ይበቃል። ከሌሊት ሺፍት በወጡ ጠዋት ደግሞ ምንም አለማንበብ ይሻላል። ዕረፍት ያጣ ጭንቅላት አይዝም። ከባዱን ሥራ ለዕረፍት ቀን፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ለሄዱበት ሰዓት አስቀምጡት።

አጠናኑ ራሱ ከመጽሐፉ ምርጫ ይበልጣል። አብዛኛው ሰው የሚያጠናው በማንበብና ቀለም በመቀባት ነው። ገጹ ቢጫ ሲሆን የገባው ይመስለዋል። የቆሎ ተማሪ እንዲህ አይማርም። የተሰጠውን ይዞ ይሄዳል፣ ለብቻው ይለዋል፣ ተመልሶ መምህሩ ፊት በቃሉ ያሰማል። ሲሳሳት ይታረማል። ነገም የትናንቱን ይደግማል። ስለ ትውስታ የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች የሚሉትም ይህንኑ ነው። ከውስጥ አውጥቶ ማለትና በቀናት ልዩነት መድገም ደጋግሞ ከማንበብ ይበልጣል። ስለዚህ ምዕራፉን አንብባችሁ ዝጉት። ባዶ ወረቀት ላይ ከጭንቅላት ጻፉት። የጎደለውን ብቻ ተመለሱና እዩ። ባለቤታችሁ ሙያውን ባያውቅም ካርዱን ይዞ «የአስም ደረጃዎች ስንት ናቸው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ቤተሰብ «ምን ላግዝ?» ሲል ይሄ አንዱ መልስ ነው። ሌላው ልጆቹን ይዞ ቅዳሜን ከቤት መውጣት ነው።

የልምምድ ጥያቄ በብዛት ሥሩ። ግን 100 ሠርቶ ውጤት አይቶ መዝጋት ብዙም አይጠቅምም። ጥቅሙ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ለስህተታችሁ ደብተር ያዙ። የጻፋችሁት መልስ ሳይሆን የተሳሳታችሁበት ምክንያት ይሁን። አላውቀውም ነበር? አውቄ ጥያቄውን በደንብ ሳላነብ ቀረሁ? ወይስ እንደ ነርስ አስቤ መለስኩ? በሁለት ሳምንት ውስጥ ደብተሩ ራሱ ይናገራል። የመጀመሪያው ከበዛ ማንበብ ነው። ሁለተኛው ከበዛ ፍጥነት መቀነስ ነው። ሦስተኛው ከበዛ አስተሳሰብ መቀየር ነው፤ ይህን ደግሞ ምንም ያህል መጽሐፍ አይፈታውም፣ ጥያቄ በመሥራት ብቻ ነው የሚመጣው።

ስለ መጽሐፍ አንድ ማሳሰቢያ። እኛ ዘንድ መጽሐፍ ይወራረሳል፤ ደስ የሚል ባህል ነው። እዚህ ግን አደጋ አለው። ከጓደኛ የተወረሰ እ.ኤ.አ. የ2019 መጽሐፍ የአንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ በ50 ዓመት ይጀመራል ይላል። ብሔራዊው የመከላከል ምክር ሰጪ ቡድን በ2021 ወደ 45 አውርዶታል። ለጡት ካንሰርም ያው መጽሐፍ 50 ይላል። በ2024 በየሁለት ዓመቱ፣ ከ40 ጀምሮ ሆኗል። ለሳንባ ካንሰርም የሚጀመርበት ዕድሜ ከ55 ወደ 50 ወርዷል። በሰውነት አሠራር ላይ አሮጌው መጽሐፍ ይሠራል። ቁጥር፣ ክትባትና መድኃኒት ላይ ግን አዲሱን ያዙ።

እንግሊዝኛውስ? ሥራ ላይ የማያስቸግረን እንግሊዝኛ እዚህ ሊያዘገየን ይችላል። ፈተናው «ቀስ እያለ ሳይታወቅ የጀመረ» ለማለት «ኢንሲዲየስ» ብሎ ያልፋል። ያቺን ቃል ያላወቀ ድንገተኛውን በሽታ ከዘገምተኛው መለየት ያቅተዋል። ስለዚህ በልምምድ ወቅት የሕክምና ቃል ብቻ ሳይሆን ያቆማችሁን ተራ ቃልም ጻፉ። ጥያቄው ረጅም ከሆነ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ አንብቡ። ምን እንደተጠየቀ አውቆ ታሪኩን ማንበብ ጊዜ ያተርፋል።

የፈተናው ዕለት ምን ያስፈልጋል?

ማመልከቻ ሲገባ የትምህርት ማስረጃ፣ የጸና የአርኤን ፈቃድና የክሊኒካል ሰዓት ማረጋገጫ ይጠየቃል። ሰርተፍኬት ሰጪዎቹ ቢያንስ 500 ሰዓት ይጠይቃሉ፤ የትምህርት ቤቶች አዲሱ መመዘኛ 750 ነው። ማመልከቻው ሲጸድቅ ለተወሰኑ ወራት ብቻ የሚያገለግል የመፈተኛ ፈቃድ ይመጣል።

እዚህ ላይ ለሐበሻ ተፈታኝ ልዩ ማሳሰቢያ አለ፦ ስም። የእኛ ስም የአባትና የአያት ነው። አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም መካከለኛ ስም ሆኖ ይገባል። ሌላው ላይ ይዘለላል። አንዱ ፊደል ይደርባል፣ ሌላው ይነጥላል። ካገባች በኋላ የባሏን አባት ስም የወሰደችም አለች። የፈተና ጣቢያው ማመልከቻው ላይ ያለውን ስምና መታወቂያውን ያስተያያል። ካልገጠመ አያስገባም። ስለዚህ ገና ስታመለክቱ መታወቂያችሁን ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ ሙሉ።

ከፈተናው በፊት ባለው ሌሊት ሺፍት አትግቡ። በኦቨርታይም የሚገኘው ገንዘብ ደክሞ መፈተንን አያካክስም። ሲያበቃ ጊዜያዊው ውጤት ብዙ ጊዜ እዚያው ይነገራል።

ካልተሳካስ?

አብዛኛው በመጀመሪያው ያልፋል። የማያልፈው ግን ጥቂት አይደለም። በኤኤኤንፒ በኩል ያላለፈች ሰው ደካማ በሆነችበት ርዕስ ላይ የ15 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ወስዳ ድጋሚ ታመለክታለች። በአንድ የአውሮፓ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ መፈተን ይፈቀዳል። በኤኤንሲሲ ደግሞ 60 ቀን መጠበቅ አለባት፤ በ12 ወር ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ አይፈቀድም። ያላለፈ ሰው የትኛው ክፍል ላይ እንደደከመ የሚያሳይ ሪፖርት ይደርሰዋል። ያ ወረቀት ያሳምማል፤ ግን ለቀጣዩ ዝግጅት ከእሱ የተሻለ መሪ የለም።

ከባዱ ነገር ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ውድቀት ይደበቃል። ሰው ብቻዋን ታለቅሳለች፣ «ቀኑ ተራዘመ» ብላ ታልፋለች። ቤተሰብ በየሳምንቱ «ምን ደረስሽ?» ማለት ቢተው ራሱ እርዳታ ነው። ዲግሪዋ አልተወሰደም። የአርኤን ፈቃዷም አልተነካም። ነገም ሥራዋ ላይ ትገኛለች።

ያለፈች ሰው በማግስቱ ሥራ ትጀምራለች?

አትጀምርም። ሰርተፍኬቱን ይዛ የስቴቱን ፈቃድ ታመለክታለች። ለክፍያ ሥርዓቱ የሚያገለግል ኤንፒአይ የሚባል ቁጥር ታወጣለች። እንደ ኦፒዮይድ የሕመም ማስታገሻ ያሉ ቁጥጥር የሚደረግባቸውን መድኃኒቶች ለመጻፍ ዲኢኤ የሚባለው የፌዴራል ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዘንድ ትመዘገባለች። ቀጣሪዋ ደግሞ ከኢንሹራንሶች ጋር ያስመዘግባታል። ይህ ሁሉ ወራት ሊፈጅ ይችላል። የኪስ ገንዘብ ስታሰሉ ይህን አስቡ።

ሰርተፍኬቱም የዘላለም አይደለም። በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል። በኤኤኤንፒ በኩል 1,000 ሰዓት የሠራችበትና 100 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ይጠየቃል፤ ከዚያ ውስጥ 25ቱ ስለ መድኃኒት ነው። ካልሆነ እንደገና መፈተን ነው።

የምትሠራበት ቦታም ለውጥ ያመጣል። ፈተናው ብሔራዊ ነው፤ ሕጉ ግን የየስቴቱ ነው። ዲሲ ውስጥ ኤንፒ ያለ ሐኪም ስምምነት ትሠራለች። ሜሪላንድም እንዲሁ ነው፤ አዲስ ከሆነች ግን ለመጀመሪያዎቹ 18 ወራት የሚያማክራት ባለሙያ መጥቀስ አለባት። ድልድዩን ተሻግራ ቨርጂኒያ ስትገባ መጀመሪያ ዓመታት ከሐኪም ጋር መሥራት ይጠበቅባታል። ቴክሳስና ጆርጂያ ከሐኪም ጋር የተጻፈ ስምምነት ይጠይቃሉ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ክሊኒክ መክፈት የምትችለው ሴት ዳላስ ብትዛወር ቀድማ የሚፈርምላት ሐኪም መፈለግ አለባት። የሥራ ውል ከመፈረም በፊት የስቴቱን የነርሲንግ ቦርድ ድረ ገጽ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። እነዚህ ሕጎች በየጊዜው ይሻሻላሉ፤ የጓደኛ ልምድ የሁለት ዓመት ዕድሜ ካለው አርጅቶ ሊሆን ይችላል።